ተረቴን መልሱ

ከዓመታት በፊት ለአንድ ተማሪ ዜሮ ሰጥቻለሁ። መቼም መምህር ሆኖ ዜሮ ያልሰጠ የለም። ይሄኛው ግን ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጥቶ፣ ከመጻሕፍቴ መካከል ተቀምጦ፣ አልወጣም ያለ ዜሮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2001 ዓ.ም ገደማ በአንድ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም የፈጠራ ጽሑፍ አስተምር ነበር። ተማሪዎቼን አጭር ልቦለድ ጽፋችሁ አምጡ አልኳቸው። እንደተለመደው አብዛኞቹ ያመጡት ፍቅር ነው፤ በሽታ ላይ የወደቀች ቆንጆና ዝናብ ላይ ቆሞ የሚያለቅስ ወንድ። ከጊምቢ የመጣ አንድ ዝምተኛ ተማሪ ግን ሌላ ነገር ይዞ መጣ። በታሪኩ ውስጥ አንድ የቡና መጋዘን ጸሐፊ አለ። መነጽር ካላደረገ ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው አይለይም፤ ንባብ ደግሞ እንደ ሱስ ይዞታል። ሚስቱ ትቆጣዋለች፤ አለቃው ይቆጣዋል። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ከጆንያው ክምር ጀርባ ተደብቆ ያነባል። አንድ ቀን ከተደበቀበት ሲወጣ ጊምቢ ባዶ ሆናለች፤ ሰው የሚባል የለም። መጀመሪያ ይደነግጣል። ኋላ ግን የልጅነት ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ክፍት ሆኖ ያገኘዋል። ጊዜ አለ፤ መጽሐፍ አለ፤ የሚቆጣ የለም። በደስታ ጎንበስ ሲል መነጽሩ ይወድቅና ይሰበራል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደስ ቢለኝ ለአንድ ባልደረባዬ አሳየሁት። ገና ግማሹ ላይ ሳይደርስ ሳቀ።

"ይሄማ ትዋይላይት ዞን ነው!" አለኝ።

በሲዲ ያየው የድሮ የአሜሪካ የሳይንስ ልቦለድ ተከታታይ ነው፤ የዚያ አንዱ ክፍል። የባንክ ሠራተኛው የቡና መጋዘን ጸሐፊ ሆነ እንጂ ነገሩ ያው ነው አለኝ። የተታለለ ሰው ቁጣ ታውቁታላችሁ፤ በአታላዩ ብቻ ሳይሆን በራስም ላይ ነው። ተማሪውን ቢሮዬ ጠራሁትና "ሰርቀሃል" አልኩት። አቀረቀረ። ምንም አላለም። ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቆጠርኩትና ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁ። ወረቀቱን እንኳን አልመለስኩለትም፤ ለማስረጃ ብዬ አስቀረሁት።

እናላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ መበላሸት የጀመረው። ማስረጃዬን ላጠናክር ብዬ ስለዚያ ክፍል ማንበብ ጀመርኩ። ክፍሉ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1959 ነው። ስክሪፕቱን የጻፈው የተከታታዩ ፈጣሪ ሮድ ሰርሊንግ ነው። ታሪኩ ግን የሰርሊንግ አይደለም። ሊን ቬናብል የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1953 "ኢፍ" በተባለ የሳይንስ ልቦለድ መጽሔት ላይ ያሳተመችው አጭር ልቦለድ ነው። ለካ መጀመሪያውኑ አጭር ልቦለድ የነበረው ነገር ቴሌቪዥን ሆኖ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ጊምቢ ደርሶ፣ በእኔ ተማሪ እጅ መልሶ አጭር ልቦለድ ሆኗል። ውሃው ዞሮ ዞሮ ወደ ምንጩ ነው የተመለሰው።

ታዲያ ሰርሊንግም ሌባ ነው? አይደለም። የቬናብል ስም ከፊልሙ ጋር ተጽፏል፤ ታሪኩ ከእሷ እንደተወሰደ ተመልካቹ እንዲያውቅ ተደርጓል። ይኸው ሰርሊንግ እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ ሥራውን ገልብጦ፣ ራሱ ከጻፋቸው ክፍሎች የተወሰኑትን ወደ አጭር ልቦለድ እየለወጠ በመጽሐፍ አሳትሟል። ባዶ ከተማ ውስጥ ስለሚዞር ሰው የሚተርከው የመጀመሪያው ክፍል ከእነዚህ አንዱ ነው። በቴሌቪዥኑ መጨረሻ ላይ ሰውየው ያየው ሁሉ ቅዠት እንደነበረ ይነገረናል። በመጽሐፉ ግን ሰርሊንግ አንዲት ነገር ጨመረ፤ ሰውየው ኪሱ ውስጥ የሲኒማ ትኬት ቁራጭ ያገኛል። ቅዠት ከሆነ ትኬቱ ከየት መጣ? በምስል ያልነበረው ጥያቄ በጽሑፍ ተወለደ።

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያንን የተማሪውን ወረቀት ከመሳቢያ አወጣሁ። የመጨረሻውን አንቀጽ ያን ጊዜ በቁጣ ዘልዬዋለሁ። በቴሌቪዥኑ ክፍል ሰውየው "ይህ ፍትሕ አይደለም" ብሎ ያዝናል፤ ጊዜ ሲያገኝ ዓይን አጣ። ልጁ ግን እንዲህ አላደረገም። የጊምቢው ጸሐፊ የተሰበረውን መነጽር መሬት ላይ ትቶ ይነሳል። አንድ መጽሐፍ በብብቱ ይዞ፣ በየቤቱ ደጃፍ እየቆመ፣ የሚያነብለት ሰው ይጣራል። የሚያለቅሰው ስለ መነጽሩ አይደለም፤ የሚያነብለት ስለሌለ ነው።

ይህ በአሜሪካው ታሪክ ውስጥ የለም። ሊኖርም አይችልም። ንባብ ማለት ለብቻ ጥግ ይዞ መቀመጥ ከሆነበት አገር አይመጣም። ደብዳቤ ለጎረቤት ድምፅ ተሰጥቶ ከሚነበብበት፣ ዓይኑ የደከመ ሰው የልጅ ልጁን "እስቲ አንብብልኝ" ከሚልበት አገር የመጣ መጨረሻ ነው። እኔ ግን ሌባ ፍለጋ ላይ ስለነበርኩ ጸሐፊውን አላየሁትም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። እንቅልፍ የነሳኝ የተማሪው ጉዳይ ብቻ አይደለምና።

በ1984 ዓ.ም ነቀምቴ ውስጥ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቪዲዮ ቤት የሚባል ነገር የመጣልን ሰሞን ነው። በጭቃ ቤት ውስጥ አግዳሚ ተደርድሮ፣ መስኮቱ በጆንያ ተጋርዶ፣ በሃምሳ ሳንቲም ዓለም ይታያል። ሃምሳ ሳንቲም የሌለን ደጅ ነው የምንቀረው። ለእኛ ለደጆቹ ግን አንድ ልጅ ነበረን። ከአርጆ የመጣ፣ ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ፣ ቤቱን እየጠረገና አግዳሚ እየደረደረ በነፃ የሚገባ። ፊልሙ ሲያልቅ ይወጣና ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ይተርክልናል። እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ሂንዲም አያውቅም። ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይቶ ንግግሩን ራሱ ይሞላዋል። ገብተው ያዩት ልጆች ሳይቀሩ ደግመው ሊሰሙት ይመጡ ነበር።

አንድ ቀን ባለቪዲዮ ቤቱ፣ ውጭ አገር ያለ ዘመዱ ከቴሌቪዥን ቀድቶ የላከለትን ካሴት አሳየ። የአርጆው ልጅ እንዲህ ብሎ ተረከልን። በከዋክብት መካከል የሚሄድ መርከብ አለ። በአንድ ሩቅ ዓለም ላይ ማዕድን ቆፋሪዎች አሉ፤ "ልክ እንደ ነጆ ወርቅ አውጪዎች" አለን። አንድ አውሬ ግን ከጉድጓድ እየወጣ ይፈጃቸዋል። አውሬው ራሱ እንደ ድንጋይ ነው፤ አለቱን እየሰነጠቀ ያልፋል። ሊገድሉት ሲከቡት አንድ ጆሮው የሾለ ሰውዬ ጠጋ ብሎ እጁን ይጭንበታል፤ በሥቃይም ይጮኻል። "ቃሉ ነው" አለን ልጁ፤ "አያና ወረደበት።" ለካስ አውሬው እናት ናት። ቆፋሪዎቹ እንደ ተራ ድንጋይ እየሰባበሩ የጣሏቸው ክብ ክብ ነገሮች እንቁላሎቿ ነበሩ።

እዚህ ላይ መብራት ጠፋ። ካሴቱ አላለቀም። የአርጆው ልጅ ግን ታሪክ ሳይጨርስ የሚነሳ ሰው አልነበረም። "ሰዎቹ አፈሩ" አለ። "መቆፈሪያቸውን ጥለው፣ ልጆቿ እስኪያድጉ ድረስ ጉድጓዱን ሲጠብቁላት ኖሩ።"

በሳምንቱ የአማርኛ መምህራችን ድርሰት አዘዙን። እኔ ይህንኑ ጻፍኩ። መጨረሻውን ግን አልወደድኩትም። አክተሩ ካላሸነፈ ምኑን ታሪክ ሆነ? አውሬዋን ገደልኳት። መምህሩ ድርሰቴን በክፍሉ ፊት አነበቡት፤ ተጨበጨበልኝ። ከየት አመጣኸው ያለኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም። ማታ ላይ ለአርጆው ልጅ ደብተሬን አነበብኩለት። በጥሞና ሰማኝና "ጥሩ ነው" አለ። ቆየት ብሎ፣ "እናትየዋን ግን ለምን ገደልካት?" አለኝ።

ስሜን ለምን አልጻፍክም አላለኝም። ያሳሰበው የእሷ ሞት ነበር።

ያ ጭብጨባ ሥነ ጽሑፍ አስመረጠኝ፤ ሥነ ጽሑፍ መምህር አደረገኝ፤ መምህርነት ደግሞ በሌላው ልጅ ላይ ቀይ እስክሪብቶ እንዳነሳ ሥልጣን ሰጠኝ። ነገሩን በዚህ ቅደም ተከተል ያየሁት ግን በጣም ዘግይቼ ነው። አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡበት መደዳ አንድ የተቦጫጨቀ መጽሐፍ አነሳሁ። ሽፋኑ ላይ ያ ጆሮው የሾለ ሰውዬ አፍጥጦ አየኝ። ስፖክ ይባላል ለካ። ተከታታዩም ስታር ትሬክ ነው፤ ከ1966 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. በ79 ክፍሎች የታየ። ጄምስ ብሊሽ የሚባል የሳይንስ ልቦለድ ደራሲ ከ1967 ጀምሮ እነዚያን ክፍሎች እየለቀመ ወደ አጫጭር ልቦለዶች ለውጧቸዋል። መጻሕፍቱ አሥራ ሁለት ደርሰዋል። በዚያን ዘመን ቪዲዮ በየቤቱ የለም፤ አንድ ክፍል ከታየ አለፈ ነው። ያመለጠው ሰው የሚያገኘው፣ የወደደው ሰው የሚደግመው በብሊሽ መጽሐፍ ነበር።

ብሊሽ ይሠራ የነበረው ከስክሪፕት ነው፤ አንዳንዴም ገና ካልተጠናቀቀ ረቂቅ። የመጀመሪያዎቹን ሲጽፍ ተከታታዩን አይቶት አያውቅም ነበር ይባላል። ስለዚህ በመጽሐፉ ያለው አንዳንዱ ነገር፣ የጥቂቶቹ ርዕስ ሳይቀር፣ በቴሌቪዥን ከታየው ይለያል። ልብ በሉልኝ፤ ብሊሽ ቃሉ ነበረው፣ ምስሉ አልነበረውም። የአርጆው ልጅ ምስሉ ነበረው፣ ቃሉ አልነበረውም። ሁለቱም የጎደለውን ከራሳቸው ሞሉ። የአንዱ ባለ አሥራ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ሆነ። የሌላው በእኔ ደብተር ላይ ቀረ፤ እሱም በእኔ ስም።

የእናትየዋን ታሪክ በ1971 በወጣው በአራተኛው መጽሐፍ አገኘሁት። ስክሪፕቱን የጻፈው ጂን ኩን ነው። መብራት የወሰደብንን መጨረሻ በስንት ዓመቴ አነበብኩ። እናትየዋ አትሞትም። ሰዎቹም እሷም ይታረቃሉ፤ የሚፈለፈሉት ልጆቿ አለቱን ይቆፍራሉ፣ ሰዎቹ ማዕድኑን ይለቅማሉ። ቋንቋውን የማያውቀው የአርጆው ልጅ ከደራሲው ጋር ተስማምቷል። የተማርኩት እኔ ነኝ የሳትኩት።

ወገኖቼ፣ እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። የሌላውን ታሪክ ወስዶ ደግሞ መተረክ ምንድን ነው? ሌብነት ነው ወይስ ውለታ?

ሥነ ጽሑፋችንን ለሚያውቅ ሰው ሌብነት ነው ለማለት ይከብዳል። እጨጌ እንባቆም እ.ኤ.አ. በ1553 "በራላም ወይዋሴፍ"ን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ሲመልሱ፣ ያ ታሪክ ከሕንድ የቡድሃ ሕይወት ተነስቶ በስንት ቋንቋ ተንከባሎ የመጣ ነበር። መንግሥቱ ለማ "ጠያቂ"ን ከእንግሊዛዊው ከፕሪስትሊ ተውኔት ወስደው ወደ እኛ አገር ሲያስገቡት፣ እኔ ራሴ "ውርስ ትርጉም ማለት ይህ ነው" እያልኩ አስተምሬዋለሁ። ሰሌዳው ላይ መንግሥቱ ለማን አሞግሼ፣ ቢሮዬ ገብቼ ለጊምቢው ልጅ ዜሮ ሰጠሁ ማለት ነው።

ነቀምቴ ራሷ የዚህ ነገር ምስክር ናት። ኦኔስሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አሳትሞ በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ወለጋ የመጣው፣ ነቀምቴ ላይም ትምህርት ቤት የከፈተው፣ ብቻውን ሠርቶ አይደለም። አስቴር ገኖ አብራው ነበረች። በባርነት ተሸጣ ቀይ ባሕር ላይ ነፃ የወጣች ልጅ ናት። ለትርጉሙ የሚሆን የቃላት ስብስብ አዘጋጀች። ከትዝታዋም አምስት መቶ ያህል ተረት፣ ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ጻፈች፤ ጥቂቶቹ በ1894 እ.ኤ.አ. በወጣው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ታትመዋል። በቃል ብቻ ይኖር የነበረውን ወረቀት ላይ አሰፈረች። ስሟ ግን ለብዙ ዘመን በኦኔስሞስ ስም ጥላ ሥር ቆየ። የብሊሽም ነገር እንዲሁ ነው፤ በኋለኞቹ መጻሕፍት ብዙውን የሠሩት ሚስቱ ጁዲት ሎረንስና እናቷ እንደነበሩ በኋላ ራሷ ተናግራለች። ሽፋኑ ላይ ግን ያለው የእሱ ስም ነው። ሞያሌ ይሁን ማንሃተን፣ ተራኪ ጥላ ውስጥ የመቅረት ዕድሉ ብዙ ነው፤ ሴት ከሆነች ደግሞ ይብሳል።

"ታዲያ እንደፈለግን እንውሰድ ነው የምትለው?" የሚል አንባቢ አይጠፋም። አይደለም። በ1996 ዓ.ም የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ሥራውን ወደ ሌላ መልክ የመለወጥን መብት ለደራሲው ሰጥቷል። ሰርሊንግም ብሊሽም በፈቃድ ነው የሠሩት። የሰው ታሪክ ወስዶ ገበያ የሚያወጣ ሰው ፈቃድ መጠየቅና መክፈል አለበት፤ እዚህ ላይ ፍልስፍና አያስፈልግም። እኔ የምጠይቀው ሕጉ ስለማይደርስበት ቦታ ነው፤ ስለ ቪዲዮ ቤቱ ደጅ፣ ስለ ክፍሉ ወረቀት፣ ስለ ማታው ጨዋታ።

መልሱን ከሩቅ ስፈልገው ኖሬ ከልጅነቴ አፍ ላይ አገኘሁት። ተረት ስንጨርስ ምን እንል ነበር? "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።" እንደ ቀልድ ነው የምንለው። ግን ውስጡ ሙሉ ሕግ አለ። ተረት ስጦታ አይደለም፤ ብድር ነው። የወሰደ ይመልሳል፤ በራሱ ሌላ ተረት ጨምሮ ይመልሳል። ተራኪውም አፉ ደርቆ አይሄድም፤ ዳቦ ይገባዋል። የጠላ ቤት ወግ እንኳን "እገሌ እንዳጫወተኝ" ተብሎ ይጀመራል። እኛ የተማርነው ነን ይህንን የረሳነው። ሁለት ቃል ብቻ ሰጥተን ነበር ለተማሪዎቻችን፤ "ፈጠራ" እና "ኩረጃ"። በመካከላቸው ያለውን ሰፊ ሜዳ፣ ወስዶ፣ አክብሮ፣ ጨምሮ፣ የባለቤቱን ስም ጠርቶ መመለስ የሚባለውን አላሳየናቸውም። ባላሳየሁት መንገድ ስላልሄደ ነው ልጁን የቀጣሁት።

እሱ አላጠፋም እያልኩ አይደለም። ርዕሱ ሥር አንዲት መስመር መጻፍ ነበረበት። እኔም በ1984 ዓ.ም አንዲት መስመር መጻፍ ነበረብኝ። ልዩነታችን፣ እሱ ዜሮ፣ እኔ ጭብጨባ ማግኘታችን ነው።

ባለፈው ጊዜ ነቀምቴ ስሄድ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። ልጁ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ ከወለጋ ከተሞች በአንዱ መምህር ሆኗል። በሰው በሰው አግኝቼው ቡና ይዘን ተቀመጥን። ወረቀቱን ሰጠሁትና ይቅርታ ጠየቅሁት። ቀዩን ዜሮ አየት አድርጎ ፈገግ አለ።

"መምህር፣ ያን ጊዜ ከየት አመጣኸው ብለው ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር" አለኝ። "እርስዎ ግን ሰርቀሃል አሉኝ። ከዚያ በኋላ ምን ይባላል?"

መልስ አልነበረኝም። ስለ መጨረሻው አንቀጽ ጠየቅሁት፤ ያ የራስህ ፈጠራ ድንቅ ነበር አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

"እሱም የእኔ አይደለም። ፊልሙን አይቼ ማታ ለአኮ ተረኩላት። አያቴ ማለት ነው፤ ዓይኗ አያይም ነበር። መነጽሩ ተሰበረ ስላት አልከፋትም። 'ታዲያ የሚያነብለት ልጅ የለውም?' አለችኝ። የለውም፣ ሁሉም አልቀዋል ስላት ነው ያለቀሰችው።"

ቡናው ቀዘቀዘ። ሊን ቬናብል፣ ሮድ ሰርሊንግ፣ የጊምቢው ልጅ፣ አኮ። ታሪኩ ከሴት ተነስቶ ሴት ጋር ደርሷል፤ የመጨረሻዋ ደግሞ ማንበብ እንኳን አትችልም ነበር። እኔ ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ዜሮ ነው ያጠፋሁት።

የአርጆውን ልጅም አፈላለግሁት። ፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ተቀጥሮ ነበር ያለኝ አለ፤ የለም ወደ ደምቢ ዶሎ ነው የሄደው ያለኝም አለ። ቪዲዮ ቤቱ የነበረበት ቦታ ሕንፃ ቆሞበታል። አላገኘሁትም። ስለዚህ በ1984 ዓ.ም ያልጻፍኳትን መስመር እዚህ ልጻፋት። ያ ድርሰት የእኔ አልነበረም፤ ሃምሳ ሳንቲም ለሌለን ልጆች ደጅ ላይ ተቀምጦ ይተርክልን ከነበረ የአርጆ ልጅ የተወሰደ ነው። መጨረሻውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እናትየዋ አልሞተችም።

ተረቱን መልሻለሁ። ዳቦው ግን ገና ዕዳዬ ነው።